አይሰበርም!

ስልክ ሻጩ ብዙነህ የሞተው ደንበኛ ፊት ስልክ ሲወረውርበት ከኖረው ግድግዳ ሥር ነው። በሆዱ ተደፍቷል። ከጆሮው በላይ ያለው አጥንት ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ደሙ በወለሉ ላይ ተንጣሎ ከመጠገኛው ጠረጴዛ እግር ሥር ረግቷል። አጠገቡ ደም የነካው ትልቅ ድንጋይ ወድቋል። የመስኮቱ መስታወት እንዳለ ረግፎ ሱቁን ሞልቶታል።

ኢንስፔክተር ድንቅቱ ደፉ ላይ ቆማ አፍንጫዋን በሻርፗ ያዘች። ያስቸገራት ሬሳው አይደለም፤ ሬሳ ለምዳለች። ከአስፋልቱ የሚነሳው የጎማ ጭስና ከላይኛው መንደር የሚመጣው አስለቃሽ ጋዝ ነው። በአዲስ አበባው ማስተር ፕላን የተነሳ ቡራዩ ከጠዋት ጀምሮ ስትታመስ ውላለች። መጀመሪያ ሰልፍ ወረደ፣ ከሰልፉ ድንጋይ ዘነበ፣ ድንጋዩን ጥይት ተከተለው። አሁንም በመድኃኔዓለም በኩል ተኩሱ ጠብ ጠብ ይላል።

«ጉዳዩ አልቋል እኮ» አላት ከኋላዋ የቆመው ሻለቃ። ከተማውን እንዲያረጋጋ የተላከው ኃይል አዛዥ ነው፤ ለማረጋጋት የያዘው ዱላ ጫፉ ተሰንጥቋል። «ወርዋሪው ተይዟል፤ የዓይን ምስክር አለ። ከሰዓት መኪናው ሲመጣ ከሌሎቹ ጋር ይጫናል።»

«ወዴት?»

«እሱን እኔም አልጠይቅ።»

በዚያ ሰሞን መኪና ላይ የተጫነ ልጅ እናቱ ከአንዱ እስር ቤት ወደ ሌላው በር ስታንኳኳ ነው የምትከርመው። መኪናው ሳይደርስ እውነቱ መታወቅ ነበረበት። ጎንበስ አለችና ሬሳውን ቀና አድርጋ ከሥሩ ዳበሰች። አንድም የመስታወት ስባሪ የለም። ጀርባው ላይና የረጋው ደም ላይ ግን ስባሪው ሞልቷል። ድንጋዩንም አገላብጣ አየችው፤ ለስላሳ የወንዝ ድንጋይ ነው። ውጭ የተበተነው ደግሞ ለመንገድ ሥራ የተፈለጠ ስለታም ጥቋቁር ድንጋይ ነው። በሩ ጥግ፣ አቧራው መሀል፣ አንድ ንጹህ ክብ ቦታ አለ።

ከሟቹ እጅ ትንሽ ራቅ ብሎ የራሱ ስልክ ወድቋል። አሮጌ ባለቁልፍ ነው፤ ቀፎው አንድ ቦታ፣ ባትሪው አንድ ቦታ፣ የጀርባ ክዳኑ ሌላ ቦታ።

ወረወረ የተባለውን መገርሳን ያገኘችው በሻለቃው ክፍት መኪና ላይ እጁን በካቴና ታስሮ ነው። ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። አንድ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል፤ ከንፈሩ ተሰንጥቋል።

«አኒ ሂንደርበኔ፣ አልወረወርኩም!» አላት ገና ከመቅረቧ። «ጮኼአለሁ፣ አልክድም። ሱቁ ጋ ስንደርስ መስታወቱን የሰበሩ አሉ። እኔ ግን ድንጋይ በእጄ አልያዝኩም።»

«አምነህ ፈርመሃል ይላሉ።»

ጣቶቹን አሳያት። ሁለቱ አይታጠፉም። «በዚህ ነው የፈረምኩት» አለ።

ድንቅቱ ከመኪናው ወረደች። ሻለቃውን ቀና ብላ ብታየው የምትናገረውን ስለምታውቅ አላየችውም።

የዓይን ምስክሩ ጋሽ ሳህሉ ናቸው፤ ሱቃቸው ከብዙነህ ሱቅ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚለያይ ልብስ ሰፊ። ሲንጀር የስፌት መኪናቸው አጠገብ ልጃቸው ሮዳስ ቁልፍ ትተክላለች። ግራ ዓይኗ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ ጉንጯ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለ።

«ምን ሆና ነው ጋሼ?»

«ስልክ ነው» አሉ አጭር አድርገው። «ጆሮዋ ላይ እንዳለ ባትሪው ፈነዳ።»

«ከማን የተገዛ?»

«ተዪው፣ የሞተ ሰው ነው።» ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱ። «እዚህ ደጄ ላይ ቆሜ ነበር። መገርሳ ወረወረ፤ መስታወቱ ረገፈ። ብዙነህ ስልክ እያናገረ ነበር። ድንጋዩ ሲያገኘው ስልኩ ከእጁ አምልጦ ሦስት ቦታ ተበታተነ። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።»

ሲያመለክቱ የኮታቸው እጅጌ ወደ ላይ ሸሸ። አንጓቸው ላይ ጥቁር ላስቲክ አለ። ልብስ ሰፊ ቤት መቼም ላስቲክና ክር አይጠፋም፤ ድንቅቱም ለጊዜው ከዚያ በላይ አላሰበችም።

የሟቹ ሚስት አትክልት ትባላለች፤ ቤታቸው ከሱቁ ራቅ ብሎ በላይኛው ትምህርት ቤት በኩል ነው። አልቅሳ ድምጿ ዘግቷል።

«ደወልኩለት እኮ! ልጆቹ እየወረዱ ነው፣ ሱቁን ዝጋና ና ልለው። ጠራ፣ ጠራ፣ ከዚያ መሀል ላይ ጭጭ። መልሼ ብሞክር ያቺ ሴትዮ የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም ትላለች።»

«ዘግቶብሽ ይሆናላ።»

«በምኑ ይዘጋል? ቀይዋ ቁልፍ ከሞተች ቆየች። ሲጮህ ሰፈር ያውካል፤ ዝም የሚለው ባትሪው ሲወጣ ብቻ ነው። አዲስ ያዝ ብለው ይሄ አይሰበርም ይለኛል። ክዳኑ አልገጥም ሲለው የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጬ ያሰርኩለት እኔ ነኝ። በውስጥ በኩል ጎማው የተጠገነበት ቀይ ልጥፍ ግማሹ ቀርቶበታል፤ እንዳያስቀይመው ብዬ ወደ ውስጥ አዞርኩት።»

ድንቅቱ ሱቁ ውስጥ ምንም ላስቲክ አላየችም።

«ስትደውይ ሰልፉ የት ደርሶ ነበር?»

«በደጄ እያለፈ ነበራ! የሰፈሩን ልጅ መገርሳን ራሱን በመስኮት አይቼዋለሁ፤ እጁን ከራሱ በላይ አጣምሮ ይጮሃል።»

«እመቤቴን! ይሄን ለማን ተናገርሽ?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች አትክልት።

አንድ ሰው ቀርቷል። ኪዳነወልድ ለብዙነህ ስልክና ባትሪ የሚያመጣለት ሸሪኩ ነው። ጤና ጣቢያ መዳፉን ሲያስጠቀልል ተገኘ። ድንቅቱን ሲያይ ሊነሳ አለ፤ ካልጋው ሥር የደበቀውን ካርቶን በእግሯ ስባ ስታወጣ ግን ተመልሶ ተቀመጠ። ካርቶኑ በባትሪ ተሞልቷል። አንዱን አንስታ ልጣፉን በጥፍሯ ላጥ ብታደርገው፣ ከአዲሱ ሥር ሌላ የተጋጋጠ ልጣፍ ብቅ አለ። ባትሪው እንደ ቦካ ሊጥ ነፍቷል።

«አሮጌ ነው» አለ። «አዲስ ልጣፍ እናለብሰዋለን። ብዙነህም ያውቃል! እኔ ግን አልገደልኩትም። ስደርስ መስታወቱ ረግፏል፣ እሱም ሞቷል። ካርቶኑን ላወጣ ስል ስባሪው መዳፌን ቆረጠኝ።»

«ጓደኛህ በደም ተነክሮ ካርቶን አወጣህ?»

ድንቅቱ ይህን ሰው ጠላችው፤ ደስ እያላት ገዳዩ ባደረገችው ነበር። ግን ጥላቻ ማስረጃ አይሆንም።

መኪናው ሳይመጣ ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነስቷል፤ ደሙ አልታጠበም። አትክልት ጥግ ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች። ኪዳነወልድ መዳፉን ታቅፏል። ጋሽ ሳህሉ በሩ ጋ ቆመዋል። ሻለቃው መገርሳን በካቴናው እየጎተተ አስገባና «ቶሎ በይ» አላት።

«ቶሎ ነው የምለው» አለች ድንቅቱ። «ድንጋይ ከውጭ መጥቶ መስታወት ሰብሮ ሰው ከገደለ፣ ሰውየው የሚወድቀው ስባሪ ላይ ነው። ብዙነህ ሥር ግን ስባሪ የለም፤ ያለው በላዩና በረጋው ደም ላይ ነው። መስታወቱ የረገፈው በሬሳ ላይ ነው።»

ሻለቃው ወለሉን አየ።

«ሁለተኛ፣ የገደለው ድንጋይ የበሩ ነው። ሱቁ ሲከፈት በሩን የሚያስደግፉበት የወንዝ ድንጋይ፤ ቦታው ያውና አቧራው ላይ። ስለዚህ ገዳዩ ውስጥ ነበር። ኪዳነወልድን በተመለከተ ደግሞ፣ መዳፉን የቆረጠው መስታወት ነው፤ የመጣው መስታወቱ ከረገፈ በኋላ፣ ማለት ብዙነህ ከሞተ በኋላ ነው። ለባትሪዎቹ ግን ሌላ ቀን እንገናኛለን።»

«መገርሳስ?» አለ ሻለቃው።

«አትክልት ስትደውል ስልኩ ጠርቶ መሀል ላይ ጠፋ። ሰው ባትሪውን አወጣው ማለት ነው። በዚያች ሰዓት መገርሳ ላይኛው ትምህርት ቤት ጋ ነበር፤ የሟቹ ሚስት በዓይኗ አይታዋለች።»

«ስልኩ ወድቆ ተበትኖ ነው የጠፋው» አሉ ጋሽ ሳህሉ ከበሩ። «እንዲህ ያለ ስልክ ሲወድቅ ይበታተናል፤ ማንም የሚያውቀው ነው።»

«ማንም የሚያውቀው ነው» አለች ድንቅቱ። ከመደርደሪያው የዚያኑ ዓይነት ስልክ አወረደች፤ ይዛው በመጣችው ላስቲክ ሁለቴ ጠምጥማ አሰረችው። ከዚያ ብዙነህ ደንበኛ ፊት ያደርገው እንደነበረው፣ ባላት ኃይል ግድግዳው ላይ ወረወረችው።

ጧ!

ከግድግዳው ማዶ ሮዳስ ጮኸች። የተቃጠለ ሰው ጩኸት ነበር፤ ሁሉም ደነገጡ። ጋሽ ሳህሉ ሁለት እጃቸውን ጆሯቸው ላይ ጣሉ። ስልኩ ወለሉ ላይ ነጥሮ አረፈ። ክዳኑም ባትሪውም ከቦታው አልተነቃነቀም። ድንቅቱ በልጅቱ ጩኸት አፈረች፤ ግን አላቆመችም።

«ላስቲክ የታሰረ ስልክ አይበተንም። የብዙነህ ስልክ ደግሞ የታሰረ ነበር። ሻለቃ፣ እስቲ ባትሪውን ያውጡልኝ።»

ሻለቃው ስልኩን ተቀበለ። ላስቲኩን ፈታ፣ እጁ እንደለመደው አንጓው ላይ አጠለቀው፣ ክዳኑን ከፍቶ ባትሪውን አወጣና ሰጣት።

«ላስቲኩስ?»

ሻለቃው ፈለገው። ጠረጴዛውን አየ፣ ወለሉን አየ። ከዚያ አንጓውን አየና ፊቱ ተለዋወጠ።

«ሁላችንም እንደዚያው ነን» አለች ድንቅቱ። «የፈታነውን ላስቲክ አንጓችን ላይ እናደርግና እንረሳዋለን። ጋሽ ሳህሉ፣ እጅጌዎን ሰብሰብ ያድርጉልኝ።»

«የእኔ ነው። የሥራዬ ነው» አሉ፤ እጃቸው ግን ከጆሯቸው ገና አልወረደም፤ ላስቲኩ ለሁሉም ይታያል።

«ላስቲኩን ያዙሩት።»

አላዞሩትም። ድንቅቱ ቀረብ ብላ ራሷ ገለበጠችው። በውስጥ በኩል ግማሽ ቀይ ልጥፍ ነበረበት። አትክልት «የኔ ነው! እኔ ነኝ የቆረጥኩት!» ብላ ተነስታ ተመልሳ ወደቀች።

ሽማግሌው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ፤ ደሙ መሀል መሆናቸውን እንኳ አላዩም።

«ግድግዳው የሁለታችንም ነው» አሉ። «ደንበኛ በመጣ ቁጥር ይወረውራል። አይሰበርም! ይላል። ልጄ ማዶ ሆና በደነበረች ቁጥር ትጮሃለች። ዓይኗን ያጠፋው የሱ ባትሪ ነው፤ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክታ አውርታ ነው እንጂ ዕቃዬ እንከን የለውም አለኝ። ቻልኩት። ዛሬ ጠዋት ደንበኛ እንኳ ሳይኖር ለብቻው ይወረውር ነበር፤ አዲስ መጥቶለት ሊሞክር። ገብቼ ዛሬ እንኳ ተው፣ ከተማው ሁሉ ተሸብሯል፣ ልጄ አልቻለችም አልኩት። ሳቀ። እያየኝ ደገመው። ከዚያ ድንጋዩ እጄ ላይ ነበር።»

«አንዴ ነው የመቱት?»

«አንዴ አይደለም። እስኪያቆም ድረስ ነው።» አንጓቸው ላይ ያለውን ላስቲክ እንደ አዲስ ነገር አዩት። «ከዚያ ስልኩ ጮኸ። ሰፈሩ ሁሉ የሚገባብኝ መሰለኝ። ባትሪውን አወጣሁና ጣልኩት፣ ሱቄ ገባሁ። ወዲያው ሰልፉ ወረደ፣ መስታወቱን ሰበሩት። እግዜር ራሱ ሸፈነልኝ አልኩ።»

«ስለ ልጅዎ ከእርስዎ ጋር ባለቅስ ደስ ይለኛል» አለች ድንቅቱ። «ይሄ ልጅስ? የእሱን ጣት እኮ አንቱ ነዎት በምስክርነትዎ ያሰበሩት። ምን አደረገዎት?»

ጋሽ ሳህሉ ለመጀመሪያ ጊዜ መገርሳን ቀና ብለው አዩት።

«ወታደሮቹ ማን ወረወረ ብለው ያዙኝ» አሉ። «ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ስሙን የማውቀው የሱን ብቻ ነበር። የተማሪ ቤት ልብሱን የሰፋሁለት እኔ ነኝ።»

ሻለቃው ካቴናውን ፈታ። መገርሳ የማይታጠፉትን ጣቶቹን በሌላው እጁ ደግፎ ከሽማግሌው ፊት ቆመ። ሊመታቸው ነው ብላ ድንቅቱ አንድ እርምጃ ተጠጋች። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ በዝግታ ጠየቃቸው።

«ጋሼ፣ አላውቀውም ቢሉ ምን ነበረበት?»