ለደጁ የተጻፈ ስንብት

የሽማግሌው መምህር አስከሬን የተገኘው ማክሰኞ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከራሳቸው የሥራ ክፍል መስኮት ሥር ነው። ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ጠረጴዛቸው ላይ በገዛ እጃቸው የተጻፈች ጠንከር ያለች ቁራጭ ወረቀት ተገኘች፦

ደህና ሁኚ ደጄ ከእንግዲህ አልመጣ፣
ሲገባ ያየሽው ዛሬ በአንቺ ወጣ።
ልጄ ብትጠይቅሽ አባቴ የት ሄደ፣
በያት ሰውን አፍሮ አቀርቅሮ ነጎደ።

ፖሊሶቹ አንብበው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጉዳዩ ረቡዕ ጠዋት ወደ መርማሪው ሲመራ «ለፊርማ ያህል ነው» ተብሎ ነበር። መርማሪውን ባልደረቦቹ «ወንፊት» ይሉታል፤ ዱቄቱን አሳልፎ ጠጠሩን ያስቀራል ለማለት ነው። ስሙን መጀመሪያ ያወጣችለት ግን ሚስቱ ነበረች፤ የምትነግረው ሁሉ በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ስለሚፈስ። ይህን ለማንም አይናገርም።

ሟቹ ሰላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ሥራ ይዘው ነበር፦ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች የሚሆን የቃላት መፍቻ። ሰውኛ ምንድን ነው፣ ግነት ምንድን ነው፣ ምፀት ከአሽሙር በምን ይለያል፤ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ካርድ፣ በካርዱ ላይ ፍቺና አንድ ምሳሌ። ሥራው አልቆ ካርዶቹ ረቡዕ ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄዱ ነበር። ሰው ሰላሳ ዓመት የደከመበትን ሊያይ አንድ ቀን ሲቀረው በመስኮት ይወጣል ወይ የሚለው ጥያቄ መርማሪውን ደረጃውን እስኪወጣ ድረስ አልለቀቀውም።

ኮሪደሩ ላይ የሟቹ አንድያ ልጅ ቆማለች። ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም።

«ኢንስፔክተር፣ አስከሬኑን ስጡንና እንቅበር። ምን ይመረመራል? አባዬ እኮ ጽፎ ነው የሄደው።»

«ሰውን አፍሮ ይላል። ማንን ነው ያፈሩት፣ የኔ ልጅ?»

 ልጅቱ የነገረችው ይህን ነው፦ እሑድ ዕለት የመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ ቤት መጡ። በር የከፈተላቸው አባቷ ነበር፣ ክርኑ የተቀደደ ሹራብ ለብሶ። አንዷ ጓደኛዋ ማን ነው ብላ ጠየቀቻት።

«ዘበኛችን ነው አልኩ» አለች ልጅቱ። «ሰምቷል። ውሃ በትሪ ይዞላቸው መጣ፣ ሌላ የጎደለ ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀና ወጣ። ደጄ ያለው ያንን በር ነው። እኔ ነኝ የገደልኩት። ይሄን ሰው ሳይሰማ ልቅበረው።»

መርማሪው በሕይወቱ ብዙ እንባ አይቷል፤ እንዲህ ያለ ደረቅ ፊት ግን አስፈራው። ይህች ልጅ ይህን አምና ከተመለሰች ዕድሜዋን ሙሉ እንደማትነሳ ገባው። ፊርማውን ለጊዜው ኪሱ ውስጥ አስቀረው።

የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ ሲያነጋግር ደግሞ ሌላ ነገር ሰማ። ኃላፊው ሰኞ ዕለት ለመምህሩ ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ የሥራ ክፍሉን በአስራ አምስት ቀን ውስጥ ልቀቁ የሚል። ላቡን እየጠረገ፣ ግጥሟ የተጻፈችው ለዚያ የሥራ ክፍል በር መሆኗንና ጥፋቱ የእሱ መሆኑን ተናገረ። ማክሰኞ ከዘጠኝ እስከ አስራ ሁለት ሰዓት ከሰባት ሰዎች ጋር ስብሰባ ላይ ነበር፤ ሰባቱም መስክረውለታል።

ለአስራ ሁለት ዓመት የመምህሩ ረዳት የነበረው ጎልማሳ ቀጭንና ጸጥተኛ ሰው ነው። ምሳሌ የሚሆኑ ግጥሞችን በየገጠሩ እየዞረ ከአዛውንቶች አፍ የሚሰበስበው እሱ ነበር። ማክሰኞ በአስር ሰዓት ወደ ቤቱ እንደሄደ ተናገረ። «ጋሼ ሰሞኑን አንገታቸውን ደፍተው ነበር» አለ፤ «ደብዳቤው ሰበራቸው።»

ካርዶቹን ከምትተይበው ታይፒስት በቀር ሁሉም እንዲህ ግጥሟን ወደ ራሱ ወይም ወደ ባልንጀራው ይጎትት ነበር። ታይፒስቷ ግን ሃምሳዎቹን ያለፈች፣ አፏን ለመክፈት የማትቸኩል ሴት ናት። መርማሪው ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ እኔ በትምህርት ቤት ግጥም የሚባል ነገር ሲመጣ በመስኮት የማይ ነበርኩ። እስቲ ይሄን ሥራችሁን እንደ ሕፃን አስረጂኝ።»

አስረዳችው። ካርዶቹ አራት ሺህ አስራ ሁለት ናቸው። የመጨረሻውን ግልባጭ ሁሉ በእጃቸው የሚጽፉት መምህሩ ነበሩ፤ እሷ ከካርዱ ላይ አንድ ቅጂ ታይፕ ታደርጋለች። እያንዳንዱ ካርድ ከታች መሐሉ ላይ ቀዳዳ አለው፤ በመሳቢያው ውስጥ ቀጭን ብረት በቀዳዳዎቹ ያልፋል፣ እንዳይበታተኑ። አንድ ካርድ ያወጣ ሰው በቦታው ባለ ቀለም ምልክት ወረቀት ያስገባል፤ የመምህሩ ነጭ፣ የረዳቱ አረንጓዴ፣ የእሷ ቢጫ። ይህን የረሳ ሰው ከመምህሩ ጋር ሳምንት አይነጋገርም። ማክሰኞ በዘጠኝ ሰዓት ካርዶቹን ለማተሚያ ቤት ቆጥራ ነበር፤ አንድም አልጎደለም፣ አንድም ምልክት አልነበረም። ከዚያ ራሷ ማተሚያ ቤት ሄዳ እስከ አስራ አንድ ተኩል እዚያው ቆየች። መርማሪው ደወለ፤ እውነት ነበር።

ከዚያ ካርዶቹ ወዳሉበት የመምህሩ የሥራ ክፍል ገብቶ ለሁለት ሰዓት መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ ሳበ። ሲወጣ እጁ አቧራ ለብሶ ነበር። ታይፒስቷን እንደገና ለብቻዋ አነጋገራት፤ በዚህኛው ጊዜ አለቀሰች፣ ከጠረጴዛዋ መሳቢያም አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ሰጠችው።

ረቡዕ በዘጠኝ ሰዓት አራቱን ሰዎች በዚያው ክፍል ሰበሰባቸው። መስኮቱ ተዘግቷል። ማንም ወደዚያ አይመለከትም።

«መጀመሪያ ወረቀቷን እንይ» አለ ወንፊት። «ሰው ሊሞት ሲል ያገኘው ነገር ላይ ይጽፋል፤ ይሁን። ግን ይቺ ላይኛው ጫፏ በመቀስ ተቆርጧል። ከታች መሐሏ ላይ ደግሞ ቀዳዳ አላት። ምን እንደሆነች እትዬ ታውቃለች።»

«ካርድ ናት» አለች ታይፒስቷ በቀስታ።

«የተቆረጠው ቃሉና ቁጥሩ ያለበት ራስጌዋ ነው። ፍቺው በጀርባዋ ተጽፎ ነበር፤ በላጲስ ተፍቋል፣ ግን ወደ ብርሃን ሲያዙት ይነበባል። ‹የሌለን ሰው ወይም ግዑዝ ነገርን አጠገብ ያለና የሚሰማ አስመስሎ ማናገር።› እናንተ እንቶኔ የምትሉት ዘይቤ ነው አሉ። ግጥሟ የእንቶኔ ምሳሌ ናት። እትዬ ከሁለት ዓመት በፊት ታይፕ አድርጋታለች፤ ሰጪው ‹አንድ አዛውንት አናጢ› ይላል። መምህሩ ይቺን ካርድ የጻፉት እሑድ ከሆነው ነገርም፣ ከሰኞው ደብዳቤም ሁለት ዓመት ቀድመው ነው።»

የሟቹ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች።

«ስለዚህ ስንብት አልጻፉም። ስንብት ያስቀመጠላቸው ሌላ ሰው ነው። ማን ነው? ከአራት ሺህ ካርድ መሐል፣ ሰው መሬት ላይ ወድቆ ሳለ፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ስንብት ልፈልግ ያለ ሰው ወደ ሙሾ ይሄዳል፣ ወደ እንጉርጉሮ ይሄዳል። እነዚያ መሳቢያዎች አልተነኩም። ቀጥ ብሎ ወደ እንቶኔ የሄደው ሰው ግጥሟን በቃሉ ያውቃታል።» ወደ አንዱ መሳቢያ ሄደና ሳበው። «እዚህ ጋ የተወው ነገርም አለ።»

በካርዶቹ መሐል አረንጓዴ ምልክት ቆሞ ነበር። ወደ ረዳቱ ዞረ።

«ማክሰኞ በዘጠኝ ሰዓት ሲቆጠር አልነበረም። አንተ በአስር ሰዓት ቤትህ ሄጃለሁ ብለሃል። ሰው ገድለህ ካርዱን አወጣህና በቦታው ምልክት አስገባህ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ይባላል፤ እጅህ አስራ ሁለት ዓመት የለመደውን አደረገ።»

ረዳቱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የካደው ነገር የለም፤ እንደውም የደከመው ሰው ሸክም ሲያወርድ የሚተነፍሰውን ተነፈሰ።

«ገጠር ሄጄ አላውቅም» አለ። «አንድ ቀንም። መጀመሪያ አመመኝና አንድ ግጥም ከራሴ ጽፌ ከሽማግሌ ሰማሁ አልኩ። ጋሼ ወደዱት። ከዚያ ማቆም አቃተኝ። ሁለት መቶ ሰማንያ ግጥም። ለደጁ የጻፍኳትን ሲያነቡ አለቀሱ፤ ይሄ አናጢ እኔን ያስንቃል አሉ። የኔ ነው ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር፣ ግን አፈርኩ።»

«ማክሰኞስ?»

«አናጢውን ፈልጌ ሄጄ አጣሁት አሉኝ፤ መስኮቱን ከፍተው ደገፍ ብለው ነበር። ሁሉንም በመቅድሙ ላይ ጽፌዋለሁ አሉ። ተማሪ ሁሉ ሊያነበው ነው ብዬ አሰብኩ። እንዳይጨርሱት ነበር የፈለግኩት፤ ዝም እንዲሉ። ገፋኋቸው።»

 ታይፒስቷ መሬት መሬት እያየች መናገር ጀመረች። ረዳቱ ከገጠር መጣሁ ሲል ጫማው ላይ አቧራ እንደሌለ ዓመታት እንዳየች፣ ዝም እንዳለች፣ መቅድሙን መምህሩ ማክሰኞ ጠዋት እንደሰጧትና ዝምታዬ ይታወቅብኛል ብላ እንደደበቀችው ተናገረች። «ማክሰኞ ጠዋት አሳይቼው ቢሆን ኖሮ…» አለችና አልጨረሰችውም።

መርማሪው ታጥፎ የነበረውን መቅድም ለሟቹ ልጅ ሰጣት። የአባቷን ጽሑፍ ጮክ ብላ አነበበች፦

«በዚህ መጽሐፍ ከአዛውንቶች የተሰበሰቡ የመሰሉኝ ምሳሌዎች የረዳቴ ግጥሞች ናቸው። ለደጁ የተቀኘውን አናጢ ላመሰግን ሄጄ አጣሁት። ለካ ገጣሚው አስራ ሁለት ዓመት ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ኖሯል። አለማወቄ አሳፍሮኛል። ስሙ በሽፋኑ ላይ ከስሜ ጎን ይጻፍ፤ ከስሜም በፊት ቢሆን ደስ ይለኛል።»

ረዳቱ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። የክፍል ኃላፊው ማንንም ሳያይ ወጣ። ፖሊሶቹ ረዳቱን ሲወስዱት እጁን ከፊቱ ላይ አላነሳም፤ ደረጃውን እየመሩ አወረዱት።

ልጅቱ መቅድሙን ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች። መርማሪው የሚያጽናና ነገር መናገር እንዳለበት ተሰማው፤ በዚህ በኩል ጎበዝ አልነበረም።

«አየሽ፣ የኔ ልጅ፣ አባትሽ አንቺን አፍረው አልሞቱም። ግጥሟም የሳቸው አይደለችም።»

«አዎ» አለች። «እኔ ግን እያፈርኩበት ነው የሞተው።»