የጾም ቀን ቀረጻ

ቫይዴሂ ሳባርዋል ለሃያ ሁለት ዓመት በቴሌቪዥን ድራማ የቤቱ እናት ሆና ስትተውንበት በኖረችው የቀረጻ ቤት ደረጃ ግርጌ ሞታ ተገኘች። ቀይ ሳሪ ለብሳለች፤ መዳፏ ላይ ያለው ሂና ገና አልደበዘዘም። በሙምባይ ስቱዲዮ የዚያን ቀን ይቀረጽ የነበረው በዚያው ዕለት የዋለው የሂንዱ በዓል ክፍል ነበር፤ ሚስቶች ለባላቸው ዕድሜ ጨረቃ እስክትወጣ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ የሚውሉበት።

ኢንስፔክተር ሄምላታ ጎካሌ ፎቅ ላይ በግማሽ የተጠጣ ሻይ አገኘች። የእንቅልፍ መድኃኒት ነበረበት። በሞተችበት ሰዓት በቤቱ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ከቫይዴሂ ተለይቶ መኖር ከጀመረ ስድስት ዓመት የሆነው ባሏና የድራማው አዘጋጅ ጊሪሽ፣ በድራማው ምራቷ ሆና የምትተውነው ናንዲኒ፣ ጸጉር ሠሪዋ ሱላባ።

ጊሪሽ ሳይጨነቅ ተናገረ።

«ሻዩን ያመጣችው ሱላባ ናት። ቫይዴሂ አጠገቤ ተቀምጣ ጠጣች። ትቻት ወጣሁ፤ አዙሯት ነው የወደቀችው።»

ሱላባ ቫይዴሂ አዛት ሁለት ብርጭቆ ሻይ እንዳመጣች፣ ሁለተኛው ለእንግዳ መስሏት እንደነበር አመነች። ከዚያ በላይ አልተናገረችም። ፖሊሶቹ ከወዲሁ እንደ እስረኛ ያዩዋት ጀመር። ናንዲኒ ደግሞ ቫይዴሂ እኩለ ቀን ላይ አንድ ደብዳቤ አንብባ፣ ቆይታ ይዛው ወደ ፎቅ እንደወጣች ተናገረች። የፊልም ዳይሬክተር ነበር የጻፈላት፤ ሦስት ጊዜ የመሪ ተዋናይነት ቦታ ሲሰጣት ለምን እምቢ እንዳለች ይጠይቃል። ቫይዴሂ ግን ከሦስቱ ግብዣዎች ስለ አንዱም ሰምታ አታውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ሄምላታ ሦስቱንም ደረጃው ሥር ሰበሰበች። ሐኪሙ የላከውን ወረቀት ይዛለች።

«ሆዷ ባዶ ነው። ሻይም፣ መድኃኒትም፣ ውሃም አልገባበትም። ሱላባ፣ ዝም ካሉ የሚታሰሩት እርስዎ ነዎት።»

«አስምላኝ ነው» አለች ሱላባ። «የእውነት ትጾም ነበር። በየዓመቱ። ጥሏት ለሄደ ሰው ትጾማለች ብለው እንዳይስቁባት ፈርታ።»

«ሻይ ስትጠጣ አየሁ ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት» አለች ሄምላታ ወደ ጊሪሽ ዞራ። «ድራማዎን ትታ እንዳትሄድ ግብዣዎቹን በስሟ እምቢ ያሉት እርስዎ፤ ደብዳቤውን ይዛ የመጣችውም ወደ እርስዎ። ገፍተው ከጣሏት በኋላ መድኃኒቱን ሻዩ ውስጥ ጨመሩ፤ የጠጣችው እንዲመስል ግማሹን ደፉት። ሂናውና ሳሪው ግን ለቀረጻ ብቻ መሰሉዎት፤ ለእርስዎ መጾሟን አላወቁም።»

ጊሪሽ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«ለእኔ?» አለ።

«እኩለ ቀን ላይ፣ ደብዳቤውን ካነበበች በኋላ፣ ‹እትዬ፣ አሁን እንኳ ውሃ ጠጪ› ብያት ነበር» አለች ሱላባ። «‹የጀመርኩትን ልጨርስ፣ ጨረቃ ስትወጣ ከእሱ ነጻ እወጣለሁ› አለችኝ።»