የገምጋሚው የመጨረሻ ገጽ

ዋና ገምጋሚው ከመሥሪያ ቤታቸው ጣሪያ ወድቀው ሞቱ። አገሪቱ ስለ አየር ንብረትና ስለ ንጹሕ ኃይል የገባችውን ቃል ምን ያህል እንደጠበቀች የሚመዝነውን ሪፖርት ሊያስረክቡ የቀራቸው አንድ ቀን ነበር።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ቆይማ» ይሏታል፤ ቃሉ ከአፏ አይጠፋም። ጣሪያው ላይ ወጣች። እዚያ የተተከሉት ሶላሮች ወፍራም አቧራ ለብሰዋል። ዙሪያውን የሁለት ሰው ዱካ አለ፤ አንዱ የሟቹ፣ ሌላው ግን ነፋስ ያደበዘዘው። ጥበቃው የመውደቁን ድምፅ የሰማው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ያን ጊዜ ከእሱ ሌላ ግቢው ውስጥ የነበሩት ዳይሬክተሩ፣ ጸሐፊዋና ምክትል ገምጋሚው ብቻ ናቸው። ምክትሉ ሟቹ ከሕፃንነቱ ጀምረው ያሳደጉት የእህታቸው ልጅ ነው።

ዓይኑ በልቅሶ ቀልቷል።

«ጋሼ ብቻቸውን ነው የወጡት። እኔ ታች ሪፖርቱን እያተምኩ ነበር፤ ማተሚያው ሲንጫጫ ምንም አልሰማሁም።»

ዳይሬክተሩ ግን ሰምተዋል። «ከጥበቃው ጋር በር ላይ ቆመን ስናወራ ነው፤ አብረን ነው የሮጥነው» አሉ። ጥበቃውም ይህንኑ መሰከረ።

ጸሐፊዋ አፈረች። «ሊፍት ውስጥ ተቀርቅሬ ነበር። መብራት ከስምንት ተኩል እስከ አሥር ጠፋ። በጥገና ሠራተኛ ነው የወጣሁት።»

«ቆይማ፣ ሶላሮቹስ?»

«እነሱማ ከሞቱ ስምንት ወራቸው!»

በማግስቱ ሁሉም በስብሰባው አዳራሽ ተሰበሰቡ። የሟቹ ባለቤት ጥቁር ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ካሳደጉት ልጅ ጎን ተቀመጡ።

«ጣሪያው ላይ ሁለት ሰው ነበር» አለች መርማሪዋ። «ዳይሬክተሩ በር ላይ ነበሩ። ጸሐፊዋ ሊፍት ውስጥ። አንተ ታች ሪፖርት ታትም ነበር። ቆይማ፤ በምን መብራት?»

ምክትሉ ፈጠን ብሎ፣ «ሕንፃችን በፀሐይ ነው የሚሠራው። ሪፖርቱ ላይ ተጽፏል» አለ።

«ማን ጻፈው?»

ምክትሉ ወደ በሩ ተመለከተ።

«መብራት መጥፋቱን ያላወቅከው ታች ሳይሆን ጣሪያው ላይ፣ ፀሐይ ላይ ስለነበርክ ነው። ደግሞ ከወንበርህ ሳትነሣ ‹ይሠራል› ብለህ የጻፍከው ይህን ሕንፃ ብቻ አይደለም።» የሟቹን የመስክ ደብተር ገለጠች። «መቶ ሃያ ጤና ጣቢያዎች በሶላር ይሠራሉ ብለሃል። ጋሼህ አርባውን በእግራቸው ዞረው አዩ፤ አሥራ ዘጠኙ ጨለማ ናቸው። በአንዱ ጣቢያ አንዲት እናት በስልክ ብርሃን ስታምጥ ከነልጇ ሞታለች።»

ወጣቱ ፊቱን ሸፈነ።

«ሶላሮቹን እያሳዩኝ ‹ነገ እውነቱ ይወጣል› አሉኝ። ሊያዋርዱኝ ነው ብዬ... ወረቀቱን ቀይሩት ብዬ ክንዳቸውን ያዝኩ። ‹ቆይ ልጄ፣ ስማኝ› ሲሉ ገፋኋቸው።»

መርማሪዋ ከሟቹ መሳቢያ ያገኘችውን ገጽ አውጥታ አነበበች።

«‹የጤና ጣቢያዎቹ ቁጥር ሐሰት ነው። ሳላጣራ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ፤ ተጠያቂውም እኔ ብቻ ነኝ።› ፊርማቸው አለበት። ስምህ ግን የትም የለም።»

ወጣቱ ከወንበሩ ተንሸራቶ የሟቹ ባለቤት እግር ሥር ተንበረከከ።

«እማዬ፣ ጋሼ ለምን አልነገሩኝም?»

ሴትዮዋ ጎንበስ አሉለት።

«መቼ ንግግራቸውን አስጨረስካቸው፣ ልጄ?»

ፖሊሶቹ ካቴና ይዘው ቀረቡ። አሮጊቷ ግን የልጁን ሁለት እጆች ጭናቸው ላይ አድርገው ጨብጠው ይዘዋል። መርማሪዋ ፖሊሶቹን በዓይኗ አቆመቻቸውና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ማንም እጆቹን ልቀቁ ሊላቸው አልደፈረም።