ግማሽ ፊት

«ልጄ ትመስክር!» አለች የቦራም እናት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ። «ቦራም፣ ይህን ግራ ጉንጬን በማሽኑ ነክቼው አውቃለሁ?»

«አንድም ቀን» አለች ቦራም።

እውነቷን ነው፤ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። የእናቷ የቆዳ መንከባከቢያ ቤት ዋና ማስታወቂያ የገዛ ፊቷ ነበር። ቀኙ በኢንፍራሬድ ሙቀት የተወጠረ፣ ግራው እንዳለ የተተወ። ለደንበኛ የማይነገረው፣ ግራውን ማሽን ብቻ ሳይሆን የፀሐይ መከላከያ ቅባትም እንደማይነካው ነው። በሚኖሩበት የኮሪያ ከተማ፣ በቡሳን የባሕር ዳርቻ ላይ ስትራመድ እንኳ ግራዋን ለፀሐይ ትሰጣለች። ቀኙን ከዚህ በላይ ማሳመር ሲያቅታት ግራውን ማስረጀት ተያያዘችው።

የዛሬዋ ደንበኛ ገበያ ውስጥ ዓሣ የምትሸጠው የሶራ እናት ናት። ሶራ የቦራም የክፍል ጓደኛ ነች፤ ማለትም እስከ ትናንት ነበረች። ትናንት የቦራምን እናት ፎቶ የክፍሉ ቻት ላይ ለጥፋ «እናትና አያት በአንድ ቲኬት» ብላ ጻፈችበት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ቦራምም ያልከፋት ለመምሰል የሳቅ ምልክት ላከች።

«ላንቺ በነጻ ነው፣ የኔ እህት» አለች የቦራም እናት። «ግን ቀኙን ብቻ። ግራውን እንዳለ ታቆዪልኛለሽ፣ ገበያተኛው ልዩነቱን ይየው። ቅባት ምናምን እንዳታስነኪው፣ እሺ?»

«በግማሽ ፊት ዓሣ ልሽጥ?»

«ዓሣው ሙሉ ነው፣ ምን አስጨነቀሽ! ቦራም፣ መስመሩን አስምሪላት። የማሽኑን ጄል ከታች ላምጣ።»

ቦራም ነጩን የመዋቢያ እርሳስ አነሳች። ከግንባር በአፍንጫ አድርጋ እስከ አገጭ ቀጥ አድርጋ አሰመረች። እጇ እንዲህ ተጠንቅቆ አያውቅም። የሶራን እናት ግማሽ ፊት ፎቶ አንስታ ቻቱ ላይ የምትጽፈውን ሁሉ አዘጋጅታለች።

«ሶራ በሳይንስ አንደኛ አንቺ ነሽ ትላለች» አለች ሴትየዋ ዓይኗን ጨፍና። «ንገሪኝ እስቲ፣ ይሠራል?»

«ቆዳ ውስጥ ኮላጅን የሚባል ክር አለ፣ እትዬ። ሙቀት ሲያገኘው ይኮማተራል፤ የዶሮ ቆዳ መጥበሻ ላይ እንደሚሰበሰበው። ከዚያ ሰውነት ቀስ እያለ አዲስ ይሠራል። ትንሽ።»

«ትንሽ ሲባል?»

«ካልነገሩት ሰው የማያየው ያህል።»

«እስከ ምረቃችሁ ከደረሰልኝ ይበቃኛል።» ሴትየዋ ሳቀች፤ መስመሩ አብሮ ተንቀሳቀሰ። «ሶራ 'በዚህ ፊትሽማ እንዳትመጪ' ብላኛለች። ቀልዷን ነው። አበባውን ግን በታክሲ ላኪው ብላለች።»

ቦራም እርሳሱን አስቀመጠች። እሷም ለገዛ እናቷ የነገረቻት «ለምረቃው ዘንድሮ ወላጅ አይጋበዝም» ብላ ነው። በጣም በትሕትና፣ ሻይ እያቀረበች። እናቷም «ምን ይደረግ» ብላ፣ ለቀኑ የገዛችውን ቀሚስ ከነዋጋ ወረቀቱ መልሳ ሰቅላዋለች።

ቦራም ፎጣ ለብ ባለ ውኃ ነክራ የሴትየዋን ግንባር መጥረግ ጀመረች።

«ምነው፣ ተጣመመብሽ እንዴ?»

«አልተጣመመም። እትዬ፣ እናቴ ግራ ፊቷን ሆን ብላ ነው እንዲያረጅ ለፀሐይ የምትተወው። እርስዎንም ቅባት እንዳያስነኩ ያለችዎት ለዚያ ነው።»

ሴትየዋ ዓይኗን ገለጠች። «በገዛ ፊቷ?» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ስትመጣ ምን ልትያት ነው ታዲያ?»

ደረጃው ላይ የእናቷ ጫማ ተሰማ፤ እያንጎራጎረች ነው የምትወጣው።

ቦራም ፎጣውን አልደበቀችም። ከግንባሩ ወደ አገጩ መስመሩን መጥረጉን ቀጠለች።