በአንገት ላይ የቀረ መስመር

በጸሎቱ መሐል ዓይኑን ያልጨፈነው እሱ ብቻ አልነበረም።

ስፒድ ቦቱ በሐይቁ ዳር፣ በሮውሌት የጀልባ ማቆሚያ እንደታሰረ ይወዛወዛል። ሦስት ሰዎች አንገታቸውን ደፍተዋል። ወንድም ጋሹ ለሞተሩ ጸለየ። ለነፋሱ ጸለየ። በውሃው ውስጥ ላሉት ዓሦችም ሳይቀር ጸለየ። ኤልያብ መሪው አጠገብ ቆሞ በግማሽ ዓይኑ ሰረቅ አድርጎ አየ።

የወንድም አሻግሬ ዓይን ክፍት ነበር።

ሁለቱም ወዲያው ጨፈኑ።

«አሜን!» አለ ጋሹ። «በል ንዳው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ። እኔ ግን ቀድሜ እስቅበታለሁ።»

ጁላይ 1996 ነው። ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን የጀልባው ብረት እጅ ያቃጥላል።

ኤልያብ እውነተኛ ስሙ አይደለም። ምሥክሮችን የሚጠብቀው ቢሮ ያወጣለት ስም ነው። በቢሮው መልእክቶች ደግሞ «ሸምበቆ» ይባላል። ሰው የሚያውቀው ካሮልተን ባለው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ኳየር ውስጥ ሲዘምርና ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ላይ ጀልባ ሲነዳ ነው። ጀልባ መንዳቱ እንኳን ውሸት አልነበረም። ምፅዋ ላይ የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበር።

ሥራው አንዲት ሴት መጠበቅ ነው።

ተዋበች ዩለስ በምትባል ከተማ ትኖራለች። ማታ ማታ ኤርፖርት ውስጥ አውሮፕላን ታጸዳለች። ከሃያ ዓመት በፊት በአንድ የምርመራ ቤት ዓይኗ ታስሮ ተገርፋለች። የገረፋት ሰው ስሙን ቀይሮ እዚሁ አካባቢ እንደሚኖር ይታወቃል። ፎቶ ግን የለውም። ቢሮው «ቆርኪ» ይለዋል፤ በየጥያቄው መሐል የቢራ ቆርኪ ጠረጴዛ ላይ ያሽከረክር ስለነበር። ፍርድ ቤት ቆማ «እሱ ነው» ልትል የምትችል ሰው በሕይወት የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ቆርኪ ቀድሞ ከደረሰባት ሁሉም ነገር አበቃ።

ጥቆማው የመጣው ከሦስት ሳምንት በፊት ነበር። አሻግሬ ራሱ ቢሮው ድረስ ሄዶ ተናገረ። ጋሹ የተዋበች ፎቶና አድራሻ ያለበት ፊልም አግኝቷል አለ። ፊልሙ በቆርቆሮ ሆኖ፣ ሐይቁ ውስጥ ከሰባት ቁጥር ተንሳፋፊ ቀይ በርሜል ሥር ይታሰራል። ቅዳሜ ጋሹ በዋና ስም ያወጣዋል። ለቆርኪም ይሸጠዋል።

የቢሮው ትእዛዝ አንድ መስመር ነበር። «ከጋሹ በፊት ጥለቅ።»

አሻግሬ ጠባቂው ማን እንደሆነ አልተነገረውም። ሕጉ እንዲህ ነው።

«ለሚስቴ ኳየር ልምምድ ነው ብያታለሁ፤ እንዳታጋልጡኝ» አለ ጋሹ። ሆዱ የመንሳፈፊያውን ጃኬት ወጥሮታል። «በሚቀጥለው ሳምንት ኮዙሜል ደሴት ነን። ሃያ ዓመት በትዳር! ባለቤቴ ህይወት ደግሞ ስፒድ ቦት ለብቻችን ተከራይታ፣ በስኖርክል ቱቦ እየተነፈስን ዓሣ እናያለን ብላ ቡክ አድርጋለች። ሶ እኔ ደግሞ የሻወር ውሃ እንኳን የምፈራ ሰውዬ ነኝ። ፊቷ ከምዋረድ እዚህ ልለማመድ ብዬ ነው።»

«እዚህ ምን ይታያል ወንድም ጋሹ?» አለ ኤልያብ። «የራስዎን ክርን እንኳን አያዩም።»

«ዓሣው ምን ያደርግልኛል! መተንፈሱን ልልመድ። ሰባት ቁጥሩ ጋ ውሰደን።»

ሰባት ቁጥር።

ኤልያብ ፊቱን ሳይለውጥ መሪውን አዞረ። ለሚስቱ ዋሽቷል። ጭቃ ውሃ መርጧል። በርሜሉንም በቁጥር ያውቀዋል። እንዲህ የሚስቅ ሰው እንዴት ሰው ይሸጣል? ምናልባት የሚስቀው ለዚሁ ይሆናል።

አሻግሬ ከኋላ ተቀምጧል። በዚህ ሙቀት ሸሚዙን እስከ ላይኛው ቁልፍ ዘግቷል።

«ወንድም አሻግሬ፣ ክራባትህንስ የት ጣልከው?» ሲል ጋሹ ቀለደበት። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ውሃ ዘገነና ደረቱ ላይ ረጨው። አሻግሬ በግድ ፈገግ አለ። የረጠበውን ሸሚዝ ሁለት ቁልፍ ፈታ።

በርሜሉ ጋ ደረሱ። ሰዓቱ ለአራት ሩብ ጉዳይ ነው።

«መጀመሪያ እኔ ጥልቀቱን ልየው» አለ ኤልያብ።

ፔጀሩን ከወገቡ ፈትቶ ወንበሩ ላይ ባለው ሣጥን ውስጥ አስቀመጠ። ውሃ አይችልም። ተዋበች በየቀኑ ልክ አራት ሰዓት ላይ፣ በአፓርታማዋ ላውንድሪ፣ በልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ካለው የሳንቲም ስልክ ትደውልለታለች። ቁጥሩ ፔጀሩ ላይ ይወጣል። እሱም በአቅራቢያው ካገኘው ስልክ፣ ዛሬ ዳር ካለው፣ መልሶ ይደውልና ሁለት ጊዜ አስጠርቶ ይዘጋል። ደኅና ነን ማለት ነው። ሩብ ሰዓት ጠብቃ ካልደወለ ቦርሳዋን ብቻ ይዛ ትወጣለች። ቢሮው አዲስ ከተማና አዲስ ጠባቂ ይሰጣታል። እሱ የት እንዳለች ዳግም አይነገረውም።

ቀጥሎ ቀዩን ገመድ ነቀለ። አንዱ ጫፉ የነጂው እጅ ላይ ይጠልቃል፤ ሌላው ሞተሩ ላይ ይሰካል። ከተነቀለ ሞተሩ አይነሳም። ውሃ የሚገባ ነጂ ይዞት ይገባል። የባሕር ኃይል ልማድ ነው።

መጨረሻ ላይ ሸሚዙን አወለቀ።

ይህን ነበር የፈራው።

ለዚህ ሥራ ሲል ማተቡን ቆርጧል። ጴንጤ ሆኖ ኳየር ውስጥ ሊገባ ማተብ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ አይሆንም። በመቀስ የቆረጠችለት ተዋበች ነበረች፤ ወጥ ቤቷ ውስጥ፣ ፊቷን አዙራ።

«ማተብ የሌለው ሰው አይታመንም ይላሉ» አለችው። ጥቁሩን ክር በመሐረብ ጠቀለለችው። «አደራ እኔ ጋ ነው። ሥራህን ስትጨርስ ራሴ አስርልሃለሁ።»

ክሩ ቢሄድም መስመሩ አልሄደም። ከልጅነቱ ጀምሮ ፀሐይ ያላየ ቀጭን፣ ነጣ ያለ መስመር አንገቱን ከቦታል። ለሁለት ወር ኮሌታውን ዘግቶ ደብቆታል።

የዋና መነጽሩን አጠለቀና ወደ ውሃው ገባ።

ከታች ሁሉም ነገር ቡናማ ነው። የበርሜሉን ሰንሰለት በእጁ እየዳበሰ ወረደ። ሰንሰለቱ ያሟልጫል። ሦስት ሜትር። አራት። ጣቶቹ ቆርቆሮ ነኩ። የብስኩት ቆርቆሮ በሽቦ ታስሯል። ፈታው። እዚያው ከፈተው።

ድንጋይ።

ፊልም የለም። አንድ ድንጋይ ብቻ።

ቆርቆሮውን እስከ ጥጉ ዳበሰው። ቆርቆሮው ውስጥ የሚወሰድ ነገር ኖሮ አያውቅም። የታሰረው ማን እንደሚጠልቅለት ለማየት ነበር።

ወደ ላይ ወጣ። መነጽሩን ገፍቶ ዓይኑን ጠረገ። አሻግሬ ከጀልባው ጠርዝ ጎንበስ ብሎ ይመለከተዋል። እርጥብ ሸሚዙ ተከፍቶ ወደ ፊት ተንጠልጥሏል። ኤልያብ ከሥር ወደ ላይ አየው።

አንገቱን።

ነጣ ያለ ቀጭን መስመር ከብቦታል።

ሰውየው ግን ቤተ ክርስቲያን ሲመሰክር የወንጌላዊ ልጅ ነኝ ብሎ ነበር። ሆሳዕና ከተማ ተወልጄ ያደግሁ፣ ማተብ አንገቴ ላይ ዞሮ የማያውቅ ብሎ ነበር። ኤልያብ ትንሽ ዝቅ ብሎ አየ። ከመስመሩ በታች አንድ ጠባሳ አለ፤ የምስር ፍሬ የምታህል።

«ፊቱን አላየሁትም» ብላው ነበር ተዋበች። «ወለል ላይ ተኝቼ፣ ከጨርቁ ሥር የሚታየኝ አንገቱ ነበር። ማተቡ። ከማተቡ ሥር ምስር የምታህል ጠባሳ።»

እሷ ያየችውን፣ ከተኛችበት እንዳየችው አድርጎ አየው።

አሻግሬም የኤልያብን አንገት እያየ ነበር።

«አንተም ቆርጠሃል» አለ በቀስታ።

ከሣጥኑ ፔጀሩን አውጥቶ ይዞታል።

«እሑድ እሑድ ልክ አራት ሰዓት ላይ መዝሙር አቋርጠህ ስልክ ፍለጋ ትወጣለህ። ለፍቅረኛህ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ግን ለፍቅረኛው ማን እንዲህ ሰዓት ያከብራል? አልኩ።» ሣቀ። «ማረጋገጥ ነበረብኝ። አረጋገጥኩ።»

«ምንድነው የምታወሩት?» አለ ጋሹ። ስኖርክሉን ነክሶ፣ በጀልባው መሰላል በኩል እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቷል። ቱቦውን ከአፉ አወጣ። «አሻግሬ፣ ሰባት ቁጥሩ ጥሩ ቦታ ነው ያልከኝ አንተ አይደለህ? ችግር አለ እንዴ?»

ሰባት ቁጥሩን የነገረው አሻግሬ ነው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ የተሳሳተ ሰው ሲጠረጥር ኖሯል።

አሻግሬ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አልተነሳም። ደግሞ አዞረ። ከዚያ ባዶውን መሰኪያ አየ፤ በኤልያብ እጅ ላይ ያለውንም ቀይ ገመድ አየ።

ተራምዶ ጋሹን በጃኬቱ ትከሻ ያዘው። የዓሣ ቢላ አወጣና የጃኬቱን ማሰሪያ ቆረጠ። አንደኛውን።

«ኢየሱስ!» አለ ጋሹ።

«ገመዱን ወዲህ በል» አለ አሻግሬ። «ይህ ሰው ዋና አይችልም። አንድ ማሰሪያ ብቻ ቀርቶታል።»

«ልቀቀው።»

ሁለተኛውን ቆረጠ።

ፔጀሩ ጮኸ።

አራት ሰዓት።

አሻግሬ ጨረፍ አድርጎ አየው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «ስምንት፣ አንድ፣ ሰባት…» ቁጥሩን እያነበበ ነው። በቁጥሩ ላውንድሪውን ያገኛል። በላውንድሪው እሷን። ፔጀሩን የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«እሺ» አለ ኤልያብ። «ተቀበለኝ።»

እየዋኘ ቀረበ። በውሃው ሥር የገመዱን አንድ ጫፍ መዳፉ ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠመ። ማጥለቂያውን ከፍቶ ወደ ላይ ዘረጋ። አሻግሬ ቢላውን በአንድ እጁ እንደያዘ፣ በሌላው ሊቀበል ጎነበሰ።

ኤልያብ ማጥለቂያውን አንጓው ላይ አስገባበት።

እግሮቹን በጀልባው ጎን አስደግፎ በሙሉ ክብደቱ ወደ ኋላ ወደቀ።

አሻግሬ ራሱ ከመሰላሉ ተጋጭቶ፣ ጋሹንም ከመሰላሉ አላቅቆ፣ በጭንቅላቱ ሐይቁ ውስጥ ገባ። ቢላው የኤልያብን ግራ መዳፍ ከጥግ እስከ ጥግ ቀደደው። ገመዱ ተበጠሰ። ውሃው ቀላ፤ ወዲያው ደግሞ ቡናማ ሆነ።

የጋሹ ጃኬት ብቻውን ተንሳፍፎ ነበር።

ጋሹ የለም። አሻግሬም የለም።

ሁለት ሰው እየሰመጠ፣ አንድ ጠላቂ። አሻግሬ ከሞተ የተዋበች ምሥክርነት ሰሚ አያገኝም። ሃያ ዓመት የጠበቀችው ቀን ሐይቁ ሥር ይቀራል። ጋሹ ግን ምንም አላደረገም። ሚስቱ ፊት እንዳይዋረድ ፈለገ፤ በቃ።

ጋሹ ወደጠፋበት ጠለቀ።

ወፍራሙን ክንድ አገኘ። አውጥቶ እጆቹን መሰላሉ ላይ አጣብቆ ለቀቀው። ትንፋሽ ስቦ እንደገና ወረደ።

የመጀመሪያው ጠለቃ፣ ጭቃ። ሁለተኛው፣ ጭቃ። በሦስተኛው ጆሮው ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለ፤ ግራው ጸጥ አለ። የደማ መዳፉ ጨርቅ ነካ። ኮሌታ ነበር። በኮሌታው ጎትቶ አወጣው።

አሻግሬ ጀልባው ወለል ላይ ሆኖ እስኪያስመልስ ድረስ ደረቱን ደቃው።

ትተነፍሳለህ። ፍርድ ቤት ድረስ ትተነፍሳለህ።

ፔጀሩ ኪሱ ውስጥ ውሃ ጠጥቶ ሞቷል። የተበጠሰውን ገመድ ቋጥሮ ሞተሩን እስኪያስነሳና ዳር እስኪደርስ ሰዓቱ አራት ከሃያ አምስት ሆነ። ወደ ሳንቲም ስልኩ ሮጠ።

ጠራ። ጠራ። አሥር ጊዜ ጠራ።

ማንም አላነሳም። የታዘዘችውን አድርጋለች።

ደውሎ የጠራቸው የቢሮው ሰዎች መጥተው አሻግሬን በካቴና ወሰዱት። ጋሹ በፎጣ ተጠቅልሎ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። 

«ሶ…» አለ። «የኔ ስም በዚህ ነገር ውስጥ ነበር?»

«ሦስት ሳምንት።»

«ማለቴ… ቤቴ እራት ስትበላስ? ለጉዞዬ ጸልይልኝ ስልህ አሜን ስትለኝስ?»

ኤልያብ የደማ መዳፉን በጨርቅ ጠቀለለ።

«እሺ ስምህ ማነው? ይህችን ብቻ ንገረኝ። ያዳነኝን ሰው ስም ጠርቼ ልጸልይ።»

ስሙ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። አንድ መኪና ጥሩምባ ነፋ፤ ሊወስዱት ነው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ወንድም ጋሹ» አለ። «ኮዙሜል ላይ አይፍሩ። እዚያ ታች ድረስ ይታያል።»

ከዚያ በኋላ ካሮልተን አልሄደም። ኳየሩ ውስጥ አንድ ወንበር ባዶ ሆነ።

በየካቲት ወር ተዋበች ታጸዳበት በነበረው ኤርፖርት አለፈ። ሌላ ስም፣ ሌላ ፓስፖርት፣ ጺም። በቀኝ ጆሮው ብቻ ይሰማል። በረራው እስኪጠራ አንድ ሰው ወንበር ላይ ጥሎት የሄደውን ጋዜጣ አነሳ።

ገጹ ላይ የአሻግሬ ችሎት ሥዕል አለ፤ ፍርድ ቤቱ ካሜራ ከልክሏል። ሠዓሊ ነበር የገባው። ተከሳሹ ኮሌታውን እንዲከፍት ታዞ አንገቱን ቀና አድርጓል። ምሥክሯ ፊቷ እንዳይታወቅ ከኋላ ተሥላለች። ፀጉሯ ወደ ላይ ታስሯል። እጇ ወደ ሰውየው ተዘርግቷል።

ሠዓሊው ጠንቃቃ ነበር። ማጅራቷን እንኳን አልዘለለም።

ማጅራቷ ላይ ሁለት ጥቁር ክር አለ።

አንዱ የራሷ ነው።

ሰውየው ጋዜጣውን አጥፎ ከነበረበት አስቀመጠ። የጃኬቱን ኮሌታ እስከ ላይ ዘጋ። በረራው ሲጠራ ተነሥቶ፣ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ከሚሄዱት ሰዎች ጋር ተሰለፈ።