ሲሞቅ የሚታፈነው መኪና

ሬዲዮ ጠጋኙ የሞተው ከሚስቱ መኪና ሥር ነው። ጋራዡ ከመኖሪያ ቤቱ ጀርባ ተለጥፎ የተሠራ፣ መስኮት የሌለው ጠባብ ክፍል ነው። ወለሉ መሃል ሰው ቆሞ መኪና ከሥር የሚጠግንበት ጉድጓድ ተቆፍሯል። ከቀትር በኋላ እናቱ በሩን ሲከፍቱ ጥቁር ጭስ ፊታቸውን መታቸው። ሞተሩ ቀጥ ብሏል። ልጃቸው የብሎን መፍቻ ኪያቤ እንደጨበጠ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል።

የመጣችው መርማሪ በባልደረቦቿ ዘንድ «ወንፊት» ትባላለች፤ ነገር ሳታጣራ አታሳልፍማ።

«መኪናው የቆመው እዚህ ነበር?» ስትል ፖሊሱን ጠየቀችው።

«የለም፣ ግድግዳውን ሊነካ ጥቂት ነበር የቀረው። ሬሳውን ለማውጣት ወደ ኋላ ገፋነው።»

ወንፊት ጎንበስ ብላ አየች። ወደ ጉድጓዱ የሚያወርደው ደረጃ በግድግዳው በኩል ብቻ ነው። መኪናው ያን ያህል ወደ ፊት ከቆመ ድመት እንኳ አትሾልክም።

«ታዲያ በየት በኩል ገባ?» አለች ለራሷ።

በዚያን ቀን በግቢውና በአቅራቢያው የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ እናትየው፣ ሚስትየው፣ መንገዱን ተሻግሮ የመኪና ጥገና ቤት ያለውና መካኒክ የሆነው የሚስትየው ታላቅ ወንድም። ወንፊት ማንም ከቤት እንዳይወጣ አዘዘችና በመጀመሪያ እናትየውን ጠራች።

«እሷ ናት!» አሉ አሮጊቷ ገና ሳይቀመጡ። «ልቧ ከሸፈተ ቆይቷል። ጥላው ልትሄድ ስንት ጊዜ ሞከረች!»

«እማማ፣ አሁን የሰሙትን ብቻ ይንገሩኝ።»

«መኪናዋን ነድቶ መጣ። ዘይት ያንጠባጥባል፣ ልየው ብሎ ምሳ እንደበላ ጋራዥ ገባ። እኔ ጋደም አልኩ። ወዲያው ሞተሩ ሲነሳ ሰማሁ። ጥቂት ቆይቶ እንደ ሳንባ በሽተኛ ይስል ጀመር። ሩብ ሰዓት ያህል እንዲያ ሲል ቆይቶ ዝም አለ።»

«ሌላ ድምፅስ?»

«ብረት ሲመታ ሰምቻለሁ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። እየሠራ ነው ብዬ…» ለአሮጊቷ፣ ልጃቸው እየመታ የነበረው ለምን እንደሆነ የገባቸው ገና አሁን ነው። ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ።

ሚስትየው አዋላጅ ነርስ ናት። ስትናገር ዓይኗ ከበሩ አይነቀልም።

«መኪናው የአባቴ ነው፣ ለእኔ ነው የተወልኝ። ሌላ ከተማ ሆስፒታል ሥራ አግኝቼ ሦስት ጊዜ ልሄድ ተነሳሁ። ጠዋት ሲነሳ እንደ አዲስ ነው። ወፍጮ ቤቱን አልፌ ሞተሩ ሲሞቅ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ይንተፋተፋል፣ ቀጥ ይላል። ባሌ መጥቶ ይጎትተኛል። ‹አየሽ፣ ያለ እኔ የትም አትደርሺም› ይለኛል። እሱ ሲነዳው ግን ምንም አይሆንም።»

«አውቶቡስስ?»

«አንዴ ሞክሬ ነበር። ጣቢያው በወዳጆቹ የተሞላ ነው፤ ትኬት ሳልቆርጥ ደረሰብኝ።»

«ዛሬ ከምሳ በኋላ የት ነበርሽ?»

«መኝታ ቤት። ብቻዬን።» ፈገግ ልትል ሞከረች። «ሌላ የት እሆናለሁ?»

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ገባ። እጁ ግን ንጹሕ ነበር።

«አራት ወር አፈርኩበት» አለ። «እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ቀየርኩ፣ የአየር ማጣሪያ ቀየርኩ፣ ቤንዚን የሚረጩትን ኢንጀክተሮች አጠብኩ። ምኑን ያልነካሁት አለ? የሞተሩን ሙቀት ለኮምፒውተሩ የሚነግረውን ሴንሰር ሳይቀር ከሁለት ሳምንት በፊት አዲስ ገጠምኩ። እሱ ሲያመጣልኝ እንደ ሰዓት ይሠራል፤ እሷ ስትይዘው ይታፈናል።»

«የሴንሰሩን ሽቦ አይተኸዋል?»

«ሽቦው ደህና ነው።»

«ዛሬስ?»

«ከጥገና ቤቴ ንቅንቅ አላልኩም።»

ወንፊት የመሥሪያ ቤቷን አሮጌ መኪና ዘጠኝ ዓመት ስትነዳ፣ በየመንገዱ ቆማ ብዙ ተምራለች። ኮፈኑን ከፍታ አንድ ካንዴላ ፈታች። ጥላሸት ለብሷል፣ ቤንዚን ይሸታል። ነዳጅ በዝቶበት የታፈነ ሞተር ነው። ሴንሰሩ አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል። የተሰካበትን ሽቦ በጣቷ ስትከተል፣ ከመሰኪያው አንድ ጣት ርቀት ላይ ሬዲዮ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ዕቃ ተበይዶበታል። ከዚያ የሚነሳ ቀጭን ቀይ ሽቦ ከመሪው ሥር ይገባል። ምንጣፉን ገለጠች። ባቄላ የምታህል ማብሪያ ተደብቃለች፤ በርታለች።

ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። በሩ ላይ ፖሊስ ቆመ።

«ሞተር ሲቀዘቅዝ ብዙ ቤንዚን ይፈልጋል፣ ሲሞቅ ጥቂት ይበቃዋል» ብላ ጀመረች። «ሟቹ የሴንሰሩ ሽቦ ላይ ማብሪያ ቀጠለበት። ስትበራ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ሁልጊዜ በረዶ ይመስለዋል፤ ቤንዚን ያርከፈክፋል። እሱ ሲነዳ ያጠፋታል። አንቺ ልትሄጂ ስትነሺ ያበራታል።»

አዋላጇ አፏን ያዘች። «አራት ወር ሙሉ?»

«አራት ወር ሙሉ። ዛሬ ጉድጓድ ከገባ በኋላ ግን አንድ ሰው መኪናውን አስነስቶ ወደ ፊት አስጠጋው፤ ደረጃውን ዘጋበት፣ ማብሪያዋንም አበራት። ቤንዚን የበዛበት ሞተር ጭሱ እጥፍ ድርብ መርዝ ነው። በሩ ተዘግቶ ሩብ ሰዓት በቂ ነበር።»

«እሷ!» አሉ እናትየው።

«እማማ፣ እሷ ማብሪያዋን ብታውቅ ኖሮ አጥፍታት ትሄድ ነበር፤ መግደል ምን ያደርግላታል? እርስዎ ደግሞ መሪ ጨብጠው አያውቁም።» ወደ መካኒኩ ዞረች። «አዲስ ሴንሰር የሚገጥም ሰው መሰኪያውን ሳይነቅል አይገጥምም። ብየዳው ከመሰኪያው ከአንድ ጣት በላይ አይርቅም። የአንተ ዓይን ያን ሊያልፈው አይችልም። ሽቦው ደህና ነው ያልከኝ ለምንድን ነው?»

መካኒኩ ጨርቁን አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ላስፈራራው ነበር» አለ በመጨረሻ። «መታገት ምን እንደሆነ ይቅመሰው ብዬ ነው። ሲንኳኳ ሰምቼ… ትንሽ ይቆይ አልኩ።»

«ለማስፈራራት መንገዱን መዝጋት ይበቃ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን አላወቅሁም ቢል አምነው ነበር። አንተ ግን ማብሪያዋን ስትጫን ምን እንደምትጨምር ታውቃለህ፤ ሙያህ ነው።»

እህቱ ተነስታ ፊቱ ቆመች።

«ሁለት ሳምንት አውቀህ ነበር?»

«አፍሬ ነው፣ እህት ዓለም። አራት ወር ስጠግነው ከርሜ፣ የሬዲዮ ሠራተኛ አሞኘኝ ልበልሽ?»

«ብትነግረኝ እኮ እሄድ ነበር» አለችው በሹክሹክታ። «አንድ ቃል ብትነግረኝ እሄድ ነበር። እሱም በሕይወት ነበር፣ አንተም ቤትህ ነበርክ።»

መካኒኩ እጁን ለካቴና ሰጠ።

ሆስፒታሉ አንድ ወር ጠብቋት ሌላ አዋላጅ ቀጠረ። አሁን በየሳምንቱ ለወንድሟ ስንቅ ይዛ እስር ቤት ትሄዳለች። ስትመለስ አማቷ በር ላይ ተቀምጠው ይጠብቋታል። እንደ ድሮው አይሰድቧትም፤ «መጣሽ?» ይሏታል ብቻ፣ ቀና ሳይሉ። ሌላ ልጅ የላቸውም።