ለአባዬ የሚሆን ቡና

አባቴ ሐኪሙን የተቀየመው ጨው ቀንስ ሲለው አይደለም፤ ደረጃ አትውጣ ሲለውም አይደለም። «ቡና የሚባል ነገር ካሁን በኋላ ይቅርብዎት» ያለው ዕለት ነው። ከሐኪም ቤት ወጥተን ቤታችን ገባን። ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ የስፌት መኪናው ፊት ተቀመጠና፣ «ይሄ ሰውዬ ልቤን ሊያድን ነው ወይስ ሊሰብር?» አለኝ።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነው። መኪናው ሳሎናችን ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ነው ያለው። እናቴ ካረፈች ወዲህ እሱና እኔ ብቻ ነን። እኔ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ «ከምግብ በኋላ ነው፣ እንዳይረሱ» ስል እውላለሁ። ቤት ስገባም ይሄ አመሌ አይለቀኝም። አባዬ «ዶክተርዬ» የሚለኝ አክብሮኝ እንዳይመስላችሁ።

እሱ ሲተው እኔም ተውኩ። እሱ ፊት ስኒ ይዞ መቀመጥ ግፍ መሰለኝ። ግን አልጠቀመም። ሰውዬው ከሳ። ስፌቱን ይጀምርና ግማሽ ላይ ትቶ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ያያል። አንድ ቀን የደንበኛ ሱሪ ላይ ሁለቱንም ኪስ በአንድ በኩል ሰፍቶ አገኘሁት። እዚህ ላይ ነው ክው ያልኩት።

ካፌይኑ የወጣለት ቡና እንዳለ አውቃለሁ፤ ሐኪሙም «እሱ ግድ የለም» ብሎኛል። አንድ ቆርቆሮ ገዝቼ አፈላሁለት። አባዬ አንዴ ፉት አለና ስኒውን በቀስታ አስቀመጠው።

«ዶክተርዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ቡና ነዋ።»

«ቡናስ አይደለም። ቡና የተጠጣበት ስኒ እጣቢ ነው።»

ሁለተኛውን ዓይነት «የካርቶን ሾርባ» አለው። ሦስተኛውን አፍንጫው ድረስ አምጥቶ መለሰው።

ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ሁለት መንገድ አልፎ ወዳለው ቡና መቁያ ሄድኩ። አንድ ወጣት በርሜል የሚመስል ማሽን ፊት ቆሞ ጀርባውን ሰጥቶኛል።

«ወንድም፣ ካፌይኑ የወጣለት ቡና አላችሁ?»

«ትንሽ ታገሺኝ፣ እህቴ» አለ ሳይዞር።

ታገስኩ። ፍሬውን ማቀዝቀዣው ላይ ዘረገፈና ዞረ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። እውነቱን ልናገር፣ ልጁ መልከ መልካም የሚባል አይደለም። ጆሮው ትልልቅ ነው፤ አንዱ ቅንድቡ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። ግን ሰው ሲያናግረው ተረጋግቶ ይሰማል። የራሱን መልስ ሲያዘጋጅ አይታይም። ቀኑን ሙሉ ሰው ሳስተናግድ እውላለሁ፤ እንዲህ የሚሰማ ግን አልገጠመኝም።

«ለማን ነው?» አለኝ።

«ለአባቴ። ልቡን ያመዋል። ሦስት ዓይነት ሞከርን፤ አንዱን የካርቶን ሾርባ አለብኝ።»

ሳቀ። «ልክ ናቸው። ይሄ ቡና ችግሩ ሳይቆላም ቡናማ ነው። መልኩን አይቶ የሚቆላ ሰው ወይ ጥሬውን ያወጣዋል ወይ ያሳርረዋል። በአፍንጫና በጆሮ ነው የሚቆላው፤ ፍሬው ሲንጣጣ መስማት ነው። ደግሞ መዓዛው ቶሎ ነው የሚጠፋው፤ እነሱ ግን ቆርቆሮ ውስጥ ዓመት ያስቀመጡትን ነው የሚሸጡላችሁ።»

«አንተ ታዲያ በጆሮህ ነው የምትቆላው?»

«ልጅ ሆኜ ስንቱ ሲስቅበት የኖረ ጆሮ ነው። አሁን እንኳ ይጥቀም እንጂ።»

እኔም ሳቄ አመለጠኝ። በትንሽ ከረጢት አደረገልኝና የተቆላበትን ቀን በእጁ ጻፈበት። «በሁለት ሳምንት ጨርሱት። ልታፈዪ ስትይ ብቻ ፍጪው» አለኝ።

እንዳለኝ አደረግኩ። መረረ። ሰኞ ተመልሼ ስነግረው ብዙ አሰበና፣ «ውሃችሁን ማየት አለብኝ» አለ። ይሄን ሰበብ የምትሉት እናንተ ናችሁ፤ እኔ በጊዜው ከልቤ አምኜዋለሁ።

እሁድ ጠዋት የእጅ መፍጫና የወረቀት ማጣሪያ በቦርሳ ይዞ መጣ። አባዬ ከእግር እስከ ራሱ አየውና፣ «የሸሚዝህ ትከሻ ሰፍቶሃል» አለው። ሰላምታው ይሄ ነበር።

ልጁ ዝም ብሎ ወደ ወጥ ቤቱ ገባ። ውሃው ሲፈላ ማንቆርቆሪያውን አወረደና ትንሽ እንዲያርፍ ተወው። ከዱቄቱ ላይ መጀመሪያ ጥቂት ብቻ አፈሰሰና እጁን አነሳ።

«ለምን አቆምክ?» አልኩት።

«እስኪነፋ ነው። ተመልከቺው።»

ጎንበስ አልኩ። ዱቄቱ ቀስ እያለ አበጠ፤ መዓዛው ፊቴን ሞላው። ጎን ለጎን ቆመን ነበርና ትከሻው ነካኝ። አልሸሸም፤ እኔም አልሸሸሁም። ግማሽ ደቂቃ ነው የሚጠበቀው። ያን ቀን ግን ውሃው እስኪቀዘቅዝ ሁለታችንም ረሳነው፤ እንደ አዲስ አፈላን።

አባዬ ቀመሰ። «እጣቢ አይደለም» አለ። ከእሱ አፍ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ ይመጣ ጀመር። አንድ ሳምንት ደቀቅ አድርገን ፈጨነው፤ ሌላ ሳምንት አንድ ማንኪያ ጨመርን፤ ደግሞ ሌላ ሳምንት ከሌላ አካባቢ የመጣ ፍሬ ቀላ አድርጎ ቆልቶ አመጣ። አባዬ መኪናው ላይ ሆኖ «ወፍሯል»፣ «ቀጥኗል»፣ «ዛሬ አስፋልት ነው» እያለ ይፈርዳል። ልጁን «ዝምተኛው» ብሎ ስም አወጣለት። በአምስተኛው እሁድ ስኒውን ጨልጦ ምንም ሳይል ዘረጋው። ሁለተኛ እንዲቀዳለት ነው። እኔና ዝምተኛው ተያየን፤ እንደ ልጅ ዓይናችን እንባ አቀረረ።

በር ድረስ ሸኘሁት። «ሥራችን አለቀ ማለት ነው?» አልኩት።

«አላለቀም» አለ። ጣቴን ያዘ። «እኔ እኮ ለቡናው ብቻ አይደለም የምመጣው።»

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

«አንቺን ለማየት።»

ወደድኩት። ይሄን ለማለት ዙሪያ ጥምጥም አያስፈልገኝም።

ሁለት ወር እንዲህ በደስታ አለፈ። ከዚያ አንድ እሁድ፣ ዝምተኛው ሄዶ ምሳ ከበላን በኋላ፣ አባዬ ደረቱን ይዞ ተቀመጠ። ልቡ ከበሮ ሆነ። እየሮጥኩ ሐኪም ቤት አደረስኩት። አዳኑት፤ ግን ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ቡና ጠጥተዋል?» አለ።

የእኛ ሙያ አንድ ልማድ አለው። በሽተኛ ድንገት ሲብስበት መጀመሪያ የሚጠረጠረው አዲስ የተጀመረው መድኃኒት ነው። ዝምተኛው ያን ጠዋት አዲስ ቡና አምጥቶ ነበር፤ ከእስከዛሬው ሁሉ የሚጣፍጥ። ሲጣፍጥ ጊዜ ደስ ነበር ያለኝ። አሁን ግን ጣዕሙ ራሱ ማስረጃ ሆነብኝ። አባዬን ሊያስደስት ብሎ እውነተኛውን ቀላቀለበት አልኩ፤ ለራሴ ነግሬ ራሴው አመንኩ። ለአባዬም ነገርኩት። ዓይኑን ጨፈነ፤ ደክሞት መስሎኝ ነበር።

በነጋታው መቁያው ቤት ሄድኩ።

«ምን ቀላቀልክበት?»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ምንም አልቀላቀልኩም።»

«ታዲያ ልቡን ምን ነካው?»

አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። ያ የምወደው እርጋታው የዚያን ቀን ጥፋተኛ አስመሰለው።

«ተናገራ!»

«እኔ አላደረግኩም። ሌላ የምልሽ የለኝም።»

«በአባቴ ነፍስ ነው የተጫወትከው። ሁለተኛ ቤታችን እንዳትመጣ።»

አልመጣም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝር አላለም። መድኃኒት ሳድል ስሜን የተጠራሁ እየመሰለኝ ቀና እላለሁ። እሁድ ማጣሪያውን ከመደርደሪያ አውርጄ እንደገና ሰቀልኩት። ልቤ እሱን ይላል፣ አፌ ይረግመዋል። አባዬ ከመኪናው ጀርባ ያየኛል።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ፣ ጠዋት፣ አባዬ መቀሱን አስቀምጦ ጠራኝ።

«ልጄ፣ ያ ልጅ ምንም አላደረገም። ያን እሁድ ማለዳ ጓደኛዬ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሁለት ስኒ እውነተኛ ቡና ጠጥቼ ነበር። ዝምተኛው ወደ እኛ ሲመጣ በመስኮት አየኝ። ለልጄ እንዳትነግራት ብዬ ለመንኩት፤ ቃል ሰጠኝ።»

አንገቱን ደፋ። «አሁንም ጠዋት ጠዋት እዚያው እጠጣለሁ።»

ብሽቀቱ ይሁን ሐፍረቱ እንጃ፣ ጆሮዬ ጭው አለ። እንዴት አላሰብኩትም? ያን እሁድ ከአንድ ማንቆርቆሪያ እኮ ነው የጠጣነው! እኔ ቡና ከተውኩ ወራት አልፎኝ ነበር፤ እውነተኛ ቢሆን ኖሮ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ምንም አልተሰማኝም ነበር። ምስክሩ እኔው ነበርኩ።

ነጠላ ጫማዬን እንኳ ሳልቀይር ፀጉር አስተካካዩ ቤት ዘው አልኩ። ሽማግሌው የአባዬ የሠላሳ ዓመት ጓደኛ ናቸው። የአንድ ሰውዬ ፊት ሳሙና ለቅልቀው ቆመዋል።

«ጋሼ! አባቴን ሊገድሉብኝ ነው?»

«ልጄ፣ ምላጭ ይዣለሁ፤ ቀስ በይ።»

«ልቡን ታሞ ቡና ያጠጡታል?»

«ይሄን ነው የምትይው?» መሳቢያቸውን ስበው ከፎጣዎቹ መሃል ትንሽ ከረጢት አወጡ። ጽሕፈቱ የዝምተኛው ነው። የትናንት ቀን ተጽፎበታል። ከሥሩ፣ «ለልብስ ሰፊው ጋሼ። በቀን አንድ ስኒ ብቻ። ውሃው ከፈላ በኋላ ትንሽ ይረፍ» ይላል።

«አባትሽን ልቡን ባመመው ማግስት ነው የመጣው» አሉ። «እኔ ቤት የነበረውን እውነተኛውን ቡና ጠራርጎ ወሰደ። 'ቢለምኑዎትም ከዚህ ሌላ እንዳይሰጧቸው' ብሎ አስማለኝ። ከዚያ ወዲህ ሱቄን ሳልከፍት በር ላይ ቆሞ ነው የማገኘው። አፈላሉንም እሱ ነው ያሳየኝ። አባትሽ እውነተኛ መስሎት ፉት ይለዋል።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አስምሎኝ! አንቺስ መጥተሽ መቼ ጠየቅሽኝ?»

«እኔንስ አትጨርሱኝም?» አለ ሰውዬው ከሳሙናው ሥር።

ወደ መቁያው ቤት በእግሬ ሄድኩ ልበል ወይስ በረርኩ? ማሽኑ ፊት ቆሞ ነበር። ሲያየኝ እጁ ማንሻው ላይ ቀረ።

«ትንሽ ታገሺኝ» አለ።

«አልታገስም። አባዬ ነገረኝ። ፀጉር ቤትም ሄጄ ከረጢቱን አየሁ። ባልሠራኸው ሰደብኩህ፣ አባረርኩህ፤ አንተ በየማለዳው...»

«አባትሽ ቃል አስገብተውኛል።»

«ቃልህ አባቴን ቢገድልብኝስ?»

«ለዚያ ነው ቡናውን የቀየርኩት» አለ። ከዚያ እጁን ከማንሻው አነሳ። «ከፍቶኛል። አልዋሽሽም። እኔን መጠርጠርሽ ሳይሆን፣ እሳቸውን ልጎዳ እችላለሁ ብለሽ ማመንሽ ነው የከፋኝ።»

«አውቃለሁ።»

«እቤት ገብቼ ስንቴ ልተው ብያለሁ። ይሄን ከረጢት ባላደርስስ እላለሁ። ከዚያ ጠዋት ሲሆን እግሬ ይወስደኛል።»

ማሽኑ ውስጥ ጢሱ እየወፈረ ነው። ፍሬው ማረሩን እኔ እንኳ በአፍንጫዬ አወቅኩት፤ እሱ ግን ዞር አላለም፤ እኔን ነበር የሚያየው።

«ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት። «ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ይቅርታ ስጠይቅህ ከምኖር፣ አግባኝ።»

«እንዴ!» አለ። ዓይኑ ፈጠጠ። ከዚያ ያ ዝምተኛ ሰው ግድግዳው እስኪያስተጋባ ሳቀ፤ ጢስ በጢስ በሆነ ቤት ውስጥ አቀፈኝ። የቤቱ ባለቤት ከጓዳ «ምንድን ነው የሚቃጠለው?» እያለች እየተንጫረረች ስትወጣ፣ ሁለታችንም እያሳልን ነበር።

የሚቀጥለው እሁድ አባዬ ፊት ጎን ለጎን ተቀመጥን። ዝምተኛው የመጣበትን ጉዳይ ተናገረ። አባዬ በሙሉ ልቡ መረቀን። ቡናውን ቀድቼ ስሰጠው ፉት አለና፣ «ይሄም ሆነ የፀጉር ቤቱ የአንድ ሰው እጅ ነው» አለ።

ተያየን።

«አባዬ፣ ታውቅ ነበር?»

«ያ ሰውዬ በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን ጥሩ ቡና አፍልቶ አያውቅም! ከታመምኩ በሦስተኛው ቀን ተውኩ ልለው ነው የሄድኩት። ስኒውን ሰጠኝ። አንዴ ቀመስኩና የማን እንደሆነ ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን ያኔውኑ አልነገርከኝም? ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳለቅስ እያየኸኝ!» እውነትም ተቆጥቼ ነበር።

አባዬ አልሳቀም። ስኒውን በሁለት እጁ ይዞ መጀመሪያ ልጁን፣ ቀጥሎ እኔን አየ።

«ሰው ሲወደድማ ሁሉም ደግ ነው» አለኝ። «ከደጅሽ ተባሮ፣ ማንም ሳያየው፣ ለእኔ ቡና እንደሚያመጣ ካላየሁ አንቺን ለማን አምኜ ልሰጥ ነው? ዛሬ ይቀራል፣ ነገ ይቀራል እያልኩ በየማለዳው መንገድ ማዶ ቆሜ ጠብቄዋለሁ። አንድም ቀን አልቀረም።»

ዝምተኛው አንገቱን ደፋ። ጆሮው ደም መስሏል። እኔ ተነስቼ የአባዬን ግንባር ሳምኩት።

«በሉ፣ ትከሻውን ልለካው» አለ አባዬ ሜትሩን ከአንገቱ እያወረደ። «በዚህ ሸሚዝ ልጄን አያገባም።»